አሮጌው ዳኮታ፦ ይገጣጠም ወይስ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አባቴ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት መካኒክ ነበሩ። አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ዕቃቸውን ሳስተካክል ድሮ ከለንደን ያመጡትን የዳኮታ አውሮፕላን ኪት አገኘሁ፤ ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ልኩ 1/72 ነው፤ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። ሳጥኑ ተከፍቷል እንጂ ሥራው አልተጀመረም። አንዱ ክንፍ ተጣሟል፣ የሙጫው ቱቦ ደርቋል፣ ዲካሉ፣ ውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው ምልክት፣ ቢጫ ሆኗል። እሳቸው ይጠግኑት በነበረው አውሮፕላን ቀለም ሠርቼ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ግን ‹ይሄ ቅርስ ነው፣ ብዙ ብር ያወጣል፣ እንዳትነኪው› ይለኛል። ሞዴል ሠርቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ እንደምን አለሽ እህቴ። ከገንዘቡ ልጀምር፤ አጭር ስለሆነ። ጓደኛሽ ተሳስቷል። ኤርፊክስ ይህን ዳኮታ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚያ የሳጥኑን ሥዕል እየቀያየረ ለአሥርት ዓመታት ሸጦታል። እንግሊዝ አገር በየቤቱ ቆጥ ላይ ሳይሠራ የቀረው ስንት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በ1950ዎቹ የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ኪቶች ነው፤ ያውም ከረጢታቸው ሳይከፈት። ስለዚህ ያለ ስጋት ሥሪው። ሳጥኑንና የአሠራር ወረቀቱን ብቻ ደህና ቦታ አስቀምጪ።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ከበድ ይላል። ኤርፊክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ ዳኮታ ከባዶ ነድፎ አውጥቷል። አዲሱ ኪት ክፍሎቹ በደንብ ይገጥማሉ፣ ለጀማሪም ይመቻል። የምትፈልጊው ከእውነተኛው ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ሞዴል ከሆነ እሱን ግዢ። አሮጌውን ኪት በግድ አዲስ ለማድረግ የሚታገሉ ሰዎች አሉ። ሪቬቱን፣ የአውሮፕላኑን ቆርቆሮ የሚያያይዘውን የምስማር ራስ፣ ሁሉ ይፍቃሉ፣ የብረቱን መጋጠሚያ መስመር ሁሉ እንደገና ይቀርጻሉ፣ የአብራሪዎቹን ክፍል ከባዶ ይሠራሉ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ መንገድ ላይ ቀርቶ ተመልሶ ሳጥን ይገባል። አሮጌ ኪት ዳር የሚደርሰው ምኑን እንደምትተዪ ቀድመሽ ከወሰንሽ ነው። እኔ ለዚህኛው ሦስት ነገር መርጬልሻለሁ፦ ክንፉ ቀጥ ይበል፣ መስኮቱ ይጥራ፣ ቀለሙ ይመር። በቀረው አትጨነቂ።

ደግሞ ኪቱ ለሐሳብሽ ልክ ነው። ዳኮታ የሚባለው የዳግላስ ሲ-47 ነው፤ የመንገደኛው ዲሲ-3 ለጦር ሠራዊት የተሠራው ዓይነት። ከውጭ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት በስተግራ ከኋላ ያለው ሰፊ የጭነት በር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሥራ የጀመረው በዚሁ በሲ-47 ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። ከዚያ በኋላ ይኸው አውሮፕላን በየጠቅላይ ግዛቱ ሣር ሜዳ ላይ እያረፈ ለብዙ ዓመታት አገር ውስጥ ሠርቷል። ስለዚህ የጭነት በሩን መድፈን፣ መስኮት መቀየር የሚባል ጣጣ የለብሽም።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ክፍሎቹን ከተያያዙበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳትነቅዪ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቢያቸው። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከሞልዱ፣ ከቅርጽ ማውጫው፣ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ይኖራል፤ ቀለም አያስይዝም። የዓመታት አቧራም አለ። ሲደርቅ ክፍሎቹን በእጅ ጠምዝዘሽ አትንቀዪ። በትንሽ መቁረጫ ፒንሳ ራቅ አድርገሽ ቁረጪ፣ የቀረውን ጉጥ በምላጭ አስተካክዪ። የዚያ ዘመን ኪት ጠርዙ ላይ እንደ ስስ ቅጠል የተረፈ ፕላስቲክ አለው። ሞልዱ ባረጀ ቁጥር ይብሳል። እሱን በምላጩ ጀርባ ፋቂው። ሞተሮቹ ላይና የጎማዎቹ እግር ላይ በተለይ እይ።

ክንፉን በተመለከተ መጣመሙ ብዙም አያስፈራ። ብዙ ጊዜ የሚጣመመው የላይኛው ወይም የታችኛው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለቱን ግማሾች ግጠሚና በማስኪንግ ቴፕ አስረሽ እይው። አንዱ ሌላውን ስቦ ካስተካከለው ሥራው በሙጫ ያልቃል። ካልተስተካከለ ሙቅ ውኃ ያስፈልጋል። ኪቱ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ቅርጹን ይለቃል። ስለዚህ የፈላ ውኃ እንዳታፈሺበት፤ ከተጣመመው ክንፍ የባሰ ነገር ይዘሽ ትወጫለሽ። ውኃውን አፍልተሽ ጥቂት ደቂቃ አብርጂው። ክንፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሪው። አውጥተሽ ከተጣመመበት በተቃራኒ፣ ትንሽ እልፍ አድርገሽ ያዢው። እንደያዝሽው ቀዝቃዛ ውኃ ሥር አስገቢው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ቀስ እያልሽ ድገሚው። ቸኩለሽ በአንዴ ላቃናው ካልሽ ይሰነጠቃል፤ አሮጌ ፕላስቲክ ደረቅ ነው።

ክንፉ ከተቃና በኋላ ደግሞ አቀማመጡ አለ። የዳኮታ ክንፍ በሦስት ይከፈላል። ሞተሮቹን የተሸከመው መካከለኛው ክፍል አግድም ቀጥ ያለ ነው። ሽቅብ የሚለው ከሞተሮቹ ውጭ ያለው ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው ይህን ነው። ክንፉን ከቀፎው፣ ከአውሮፕላኑ ገላ፣ ጀምሮ ሽቅብ ያደርገውና ሞዴሉ ሌላ አውሮፕላን ይመስላል። ሙጫው ሳይደርቅ ከኋላ ሆነሽ በዓይንሽ ልክ እይው። በሁለቱ ክንፎች ጫፍ ሥር እኩል ቁመት ያላቸው መጻሕፍት ደርድሪና እስኪደርቅ እንዲያ ተይው። ተሠርቶ ሲያልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እዚህ ስፋት ላይ ሁለት ሚሊሜትር መዛነፍ ከሩቅ ያስታውቃል።

የደረቀውን የሙጫ ቱቦ ጣይው። እርጥብ ቢሆን እንኳ ጣይው እልሽ ነበር። የድሮው የቱቦ ሙጫ እንደ ማር እየተጎተተ ጣትሽ ላይ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ ይደርሳል። አሁን ብሩሽ ክዳኑ ላይ ያለው ውኃ መሰል የሞዴል ሙጫ አለ። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ ስስ ሙጫ በየሞዴል ሱቁ ይገኛል። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን አሟሙቶ እርስ በርሱ ያዋሕደዋል እንጂ መሐል ገብቶ አይለጥፍም። ስለዚህ አጠቃቀሙ ሌላ ነው። ሁለቱን ግማሾች መጀመሪያ ገጥመሽ ያዢ። ብሩሹን መገጣጠሚያው ላይ ብቻ አስነኪው። ሙጫው ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ትንሽ ቆይተሽ ጫን ስትዪ የቀለጠው ፕላስቲክ በቀጭኑ ብቅ ይላል፤ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሲደርቅ ትፍቂዋለሽ። የቀፎው ሁለት ግማሾች አልገጥም ካሉ ከፍሬሙ ትንንሽ ቁራጭ ፕላስቲክ ቆርጠሽ በአንዱ ግማሽ ጠርዝ ከውስጥ አጣብቂ፤ ለሌላው ግማሽ መንገድ መሪ ይሆናሉ። መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው ለጭንቅላት አይሆንም።

ከዚያ ስቱኮ። ክንፉ ከቀፎው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክፍተት ይኖራል፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው። የሞዴል ስቱኮ በስሱ ሙዪበት፣ ሲደርቅ ድገሚ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። ወረቀቱን ውኃ እየነከርሽ ተጠቀሚ፤ ብናኙ አይነሣም፣ ፍቀቱም ይለሰልሳል። ቁጥር 400 ጀምረሽ ወደ 1000 ውጪ።

አሁን የሪቬቱ ነገር መጣ። የኪቱ ገላ ሙሉ በሙሉ በሪቬት ጉብጉብ የተሸፈነ ነው፤ በዚያን ዘመን የጥራት ምልክት ይመስላቸው ነበር። እስቲ አስዪው። አንዱ ጉብጉብ ሩብ ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረው በ72 ሲባዛ 18 ሚሊሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ሪቬት በዲሲ-3 ላይ አባትሽ አይተው አያውቁም። ቢሆንም ሁሉንም ልፋቅ አትበይ። እውነተኛው አውሮፕላንም በሪቬት የተሞላ ነው፤ ልሙጥ ዳኮታ እንዲያውም ይበልጥ ውሸት ይመስላል። በቁጥር 600 እርጥብ ወረቀት ጠቅላላውን አንድ ጊዜ በስሱ ዳብሺው። ጉብጉቡ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። መገጣጠሚያው ላይ ያለው በስቱኮው ምክንያት ይጠፋል፤ ይጥፋ። ከቀለም በኋላ ያንን የሚያየው ሞዴል የሚሠራ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዝም ማለት ይችላል።

መስኮቶች። ትልቁን የአብራሪዎቹን መስታወት ውሰጂ። ከተቦጫጨረ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ በትዕግሥት ወልውዪው። ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ሱፐር ግሉ ፈጽሞ አትጠቀሚ። ጭሱ መስታወቱን ነጭ ያለብሰዋል፤ መልሶ ማጥራቱም ያስቸግራል። ለዚህ የሚሆነው ነጭ ኮላ ነው፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ ቢፈስም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በጎን ያሉትን ትንንሽ የመንገደኛ መስኮቶች በተመለከተ የኪቱን ፕላስቲክ ተዪው ነው የምልሽ። ወፍራም ነው፣ ቅርጹንም ያዛባል። ቀዳዳዎቹን ክፍት አድርገሽ ሞዴሉን ቀቢ። ሁሉ ካለቀ በኋላ ነጭ ኮላ በጥርስ መጎርጎሪያ በየቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያ አዙሪና መሐሉን ስበሽ ድፈኝው። ስስ ሽፋን ይሠራል። ሲደርቅ መስታወት ነው። አንድም መስኮት በቴፕ መሸፈን አያስፈልግሽም። ከመዝጋትሽ በፊት ግን የቀፎውን ውስጥ በጥቁር ግራጫ ቀቢው፤ ያለዚያ በመስኮቱ የሚታየው የፕላስቲኩ ቀለም ነው።

ወደ ቀለም ከመሄድሽ በፊት አንድ ፎቶ ምረጪ። አንድ ብቻ። የአየር መንገዱ ቀለም በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ከሦስት ፎቶ የተቀላቀለ ሞዴል የማንም አውሮፕላን አይደለም። ለዚህ ደግሞ ከአባትሽ የተሻለ ምንጭ የለም። የቤት አልበም አስወጪያቸው። ፎቶው መቼ እንደተነሣ ካልታወሳቸው የመዝገብ ፊደሉን እይ። በድሮዎቹ ላይ ኢ-ቲ፣ ከዚያ አንድ ቲ፣ ከዚያ ቁጥር ነበር። በኋላ ከኢ-ቲ ቀጥሎ በኤ የሚጀምሩ ሦስት ፊደላት ሆነ። ፎቶው የትኛው ዘመን እንደሆነ በዚህ ትለዪዋለሽ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲሆን አረንጓዴና ቀይ አንድ ዓይነት ጨለማ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ቀለሙን እሳቸው ይንገሩሽ። የቀፎው ጣሪያ ነጭ ከሆነ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ነጭ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል፤ ሜዳ ላይ የቆመ አውሮፕላን ውስጡ እንዳይግል ይረዳል።

ጣሪያው ነጭ፣ የቀረው ያልተቀባ ብረት ነው እንበል። በሙሉ ግራጫ ፕራይመር፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጨውን መነሻ ቀለም፣ ርጪና እንደገና መርምሪው። ብር ቀለም ምንም አይደብቅም፤ የመኪና ባትላሜራ ብትጠይቂ ይኼንኑ ይነግርሻል። ፕራይመሩ ላይ ያየሽው ጭረት ሁሉ ብሩ ላይ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ወደ ስቱኮውና ወደ ወረቀቱ ተመለሺ፤ እዚህ ላይ የምታጠፊው ጊዜ ነው ሞዴሉን የሚያሳምረው። ከዚያ ነጩን ርጪ። ነጭ ሲደርቅ በቴፕ ሸፍኚና ብሩን መጨረሻ ላይ አድርጊ። ብር ቀለም ቴፕ ሲነሣበት የሚላጥ ስስ ፍጥረት ነው፤ ስለዚህ እላዩ ላይ ቴፕ የማይደርስበት ቅደም ተከተል ይሻላል። ኤርብራሽ የሚባለው የቀለም መርጫ መሣሪያ አያስፈልግሽም። የታሚያ ኤ.ኤስ-12 የሚባለው የሚረጭ ብር ላልተቀባ አሉሚኒየም መልክ ጥሩ ነው። በብሩሽ ብር ለመቀባት ግን አትሞክሪ፤ የብሩሹ መንገድ ሁሉ ይታያል። የቀለም ዓይነቶቹንም አታደባልቂ። እንደ ታሚያው ያለ ጠንካራ ላከር በኢናሜል ቀለም ላይ ከተረጨ ከሥሩ ያለውን ይበላዋል። ላከር ከሥር፣ ኢናሜል ከላይ ይሆናል፤ በተገላቢጦሽ አይሆንም።

የዲካሉ ቢጫ መሆን በእውነቱ አንቺን አይመለከትም፤ የሌላ አገር ምልክት ስለሆነ አትጠቀሚበትም። ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ ግን ልንገረው። ቢጫ የሆነ ዲካል በላስቲክ ተጠቅልሎ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለቀናት ሲለጠፍ ቀስ በቀስ ይነጣል። ዋናው አደጋ ቢጫነቱ ሳይሆን ውኃ ሲነካ መሰባበሩ ነው። የማትፈልጊውን አንዱን ቆርጠሽ ሞክሪ። ከተሰባበረ ሌላውን መጀመሪያ በሚያብረቀርቅ ግልጽ ቫርኒሽ አልብሺው።

ያንቺን ምልክት ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ባዶ የዲካል ወረቀት ይሸጣል። ፊደላቱን፣ አንበሳ ካለውም አንበሳውን፣ ግልጹ ወረቀት ላይ በጥቁር አትሚ። የቤት ማተሚያ ነጭ አያትምም፤ ቢጫውም ስስ ነው። ብር ላይ ሲለጠፍ ቢጫው ጭቃ ይመስላል። ስለዚህ ባለ ሦስቱን ቀለም መስመር ከማተሚያ አትጠብቂ። ይልቅ ባዶ ግልጽ የዲካል ወረቀት ላይ ነጭ ርጪ፣ ሲደርቅ አንዱን ወረቀት አረንጓዴ፣ አንዱን ቢጫ፣ አንዱን ቀይ ርጪ። በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ ቀጫጭን ሪባን አድርገሽ ቁረጫቸው። ረጅሙ ሪባን ስለሚጠማዘዝ በር ያለበት ቦታ ላይ ከፍለሽ ለጥፊው። ሪባኑ ቢጣመም ሌላ ትቆርጫለሽ፤ በቀጥታ የተረጨ መስመር ቢጣመም ግን ሞዴሉን በሙሉ መልሰሽ መቀባት ነው።

ዲካል የሚለጠፈው የሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ገጹ ሻካራ ከሆነ ሥሩ አየር ይይዝና ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ግልጽ ቫርኒሽ ርጪ። ዲካሉን በወረንጦ አንሺ፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሪ፣ ከወረቀቱ ሲንሸራተት ቦታው ላይ አስቀምጪ። ከሪቬቱ ጋር ተጣብቆ እንዲተኛ ማይክሮ ሶል የሚባለውን ማለስለሻ በብሩሽ ቀቢው። መጀመሪያ ይጨማደዳል። አትደንግጪ፣ እንዳትነኪውም። ሲደርቅ ራሱ ይተኛል። በኢንክጄት ማተሚያ ያተምሽው ከሆነ ውኃ ከመንካቱ በፊት ቫርኒሽ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ አንበሳው ሳህኑ ውስጥ ይቀልጣል።

ስለ ጎማዎቹ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብዙ የአውሮፕላን ሞዴል ወደ ኋላ እንዳይወድቅ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይጨመርለታል። ዳኮታ ግን ሲቆም በጭራው ጎማ ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን ስለሆነ ምንም አትጨምሪበት። የዚያ ዘመን ኪቶች ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር ያበዛሉ። የክንፍና የጭራ መቆጣጠሪያ የሚወዛወዝ ሆኖ ካገኘሽው ቀጥ አድርገሽ አጣብቂው፤ የሚወዛወዝበት ክፍተት ከርቀት ይታያል። ፕሮፔለሮቹን ግን አታጣብቂ። ለብቻቸው ቀቢያቸውና ሁሉ ካለቀ በኋላ ስኪያቸው፤ ዕቃ ሲጓዝ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው፤ ነቅለሽ በጥጥ ትጠቀልያቸዋለሽ። አፍንጫው ሥር ያሉትን ቀጫጭን የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎችና አንቴናዎቹን ደግሞ ሞዴሉ በእጅሽ መገላበጥ ካበቃ በኋላ፣ ከመጨረሻው ቫርኒሽ በፊት ትከያቸው። የኪቱ ወፍራም ከሆነ ወይም ቀድሞ ከተሰበረ ከቀጭን ሽቦ ቁራጭ መሥራት ይቻላል፤ ሽቦውን በሱፐር ግሉ፣ ከመስታወቱ ራቅ አድርገሽ።